የጨዋታው መታሰቢያ በማን መደብር ይገኛል?

ባለፈው የበጋ ወራት አንድ የውጭ አገር ሰው ከነአስጎብኚው በሮቤ ከተማ ወደሚገኘው መደብሬ ገብቶ ነበር። የሰነቴን አምባ ጎብኝቶ፣ ቀይ ቀበሮውንም በመነጽር ተመልክቶ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ የተሰናዳ እንግዳ ነው። በዋጋ ሳይከራከር ሁለት ጠርሙስ የሐረና ማርና አንድ ቡልኮ ከገዛ በኋላ፣ ከመደርደሪያው በላይ ወደ ተሰቀለው የአበበ ቢቂላ ፎቶግራፍ እያመለከተ፣ «ከዚህ ሰው የድል ዘመን የቀረ፣ እኔም ገዝቼ ይዤው ልሄድ የምችል አንድ ነገር አለ ወይ?» ሲል በአስጎብኚው አማካይነት ጠየቀኝ።

ፎቶግራፉን አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ ለመደብራቸው ከአዲስ አበባ ያመጡት ስለ ሆነ አይሸጥም። ሌላ ምን እንዳለኝ ባስብ፣ በመሳቢያዬ የነበረው ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ፣ ሦስቱ ቀለሞቻችን የታተሙበት ቆብ ብቻ ሆነ። እንግዳው ቆቡን አገላብጦ፣ በውስጡ የተጻፈውን የፋብሪካ አገር ስም አነበበና በትሕትና መለሰልኝ። ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ።

በዚያ ቀን ያመለጠኝ ገንዘብ ብዙ አይደለም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። የዓለም ሕዝብ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ስማችንን በጠራባቸው በእነዚያ ታላላቅ ጨዋታዎች ፋንታ፣ በእጃችን የሚዳሰስ፣ በአገራችን መንገድ ላይ የሚታይ፣ በመደብራችንም የሚገኝ ምን ቀረልን? ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለንግድ በተጓዝሁበት ስፍራ ሁሉ ይኸንኑ መፈለግ ልማድ አድርጌ ይዣለሁ። ያገኘሁትንም ለነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ ማካፈል መልካም መስሎ ታይቶኛል፤ ነገሩ የስፖርት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእኛም ጉዳይ ነው የሚል እምነት አድሮብኛልና።

ፍለጋዬን የጀመርሁት ከአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ ውድድር በዚሁ ሜዳ ተደረገ። ከእኛ ጋር ለመጋጠም የመጡት ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበሩ። ጥር 13 ቀን በተደረገው የመጨረሻ ግጥሚያ የኢትዮጵያ ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ፣ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ያ ዋንጫ ዛሬ የት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ የጋና ንብረት ሆኖአል። የጋና ቡድን በ1956፣ በ1958 እና በ1970 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በማሸነፉ፣ በደንቡ መሠረት ዋንጫው ለዘለቄታው ለእርሱ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ለአሸናፊዎች የሚሰጠው ሌላ ዋንጫ ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ ያነሣችውን ዋንጫ ለማየት የሚሻ ሰው መንገዱ ወደ አክራ ነው ማለት ነው። ለውድድሩ የታተሙት የፖስታ ቴምብሮችም ቢሆኑ ዛሬ የሚገኙት በቴምብር ሰብሳቢዎች መዝገብ ውስጥ ነው።

በጥር ወር 1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደ ገና ወደ እኛ ተመልሶ፣ ግማሹ በአዲስ አበባ ግማሹ በአስመራ ተከናወነ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ተካፍለው አስተናገዱት፤ ሞሮኮም ዋንጫውን ወሰደች። አስመራ ዛሬ የሌላ አገር ዋና ከተማ ናት። የድሬዳዋ ሜዳ በስፍራው አለ። ስለ ሁለቱ ብዙ አልናገርም፤ ሜዳ ሜዳ ነውና፣ ኳስ ሲጫወቱበት ይኖራል እንጂ የትናንቱን ለዛሬው አይነግርም።

በአዲስ አበባው ስታዲየም ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ተመልካቹ የተቀመጠባቸውን ወገኖች «ጥላ ፎቅ»፣ «ካታንጋ»፣ «ሚስማር ተራ» እያለ የሰየመው ሕዝቡ ራሱ ነው። እነዚህን ስሞች በድንጋይ ላይ የቀረጸ ባለሥልጣን የለም፤ ሜዳው በይፋ የሚጠራበት ስም ሲለወጥ እነርሱ ግን አልተለወጡም። እንደዚሁም በስታዲየሙ ዙሪያ ለብዙ ዓመታት የቆዩት የስፖርት ልብስና ጫማ ሱቆች፣ ከባሌ ድረስ የሚሄድ ቸርቻሪ ማልያ የሚገዛበት ገበያ ሆነው ኖረዋል። «ስታዲየም ሄጄ አመጣሁት» ሲባል ነጋዴው ሁሉ የሚረዳው ሱቆቹን ነው። እዚህ ላይ በልቤ አንድ ሐሳብ ተጸነሰ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሄድሁ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ የተቀበረው በዚያ ነው። በሮምና በቶኪዮ የሮጠባቸውን ጊዜያት የሚያስታውሱ ምስሎች በመቃብሩ ላይ ቆመዋል። በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ በሜክሲኮ ከተማ ማራቶኑን በማሸነፍ ሦስተኛውን ተከታታይ ድል ያስገኘልን ማሞ ወልዴም በ1994 ዓ.ም. ሲያርፍ በዚሁ ስፍራ ተቀብሮአል። ክብሩ የተገባ ነው። ይሁን እንጂ መካነ መቃብር ዘመድ የሚሄድበት ስፍራ ነው፤ የሮቤ ተማሪ ወይም የዶዶላ ገበሬ አልፎ ሲሄድ አያየውም።

በውጭ አገር ያለው ሁኔታ ከዚህ ልዩ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በቶኪዮ ሲያሸንፍ፣ ሯጮቹ ከከተማው ወጥተው በቾፉ በኩል ዞረው የተመለሱበትን ነጥብ ጃፓኖች በመታሰቢያ ድንጋይ አመልክተውታል። መኪና በሚተላለፍበት አውራ ጎዳና ዳር የቆመ ነው። የሮሙ ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቅ ታሪክ አለው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሌሊት፣ አበበ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ከሞሮኮው ተፎካካሪው ተለይቶ የወጣው በዚያን ጊዜ በሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በጥንት ስፍራው ተተክሎአል። ስለዚህ ከሮም ኦሊምፒክ ታላላቅ ምልክቶች አንዱ ዛሬ በአክሱም ይገኛል ብንል አልተሳሳትንም። ይኸን ለጎብኚ ማስረዳት ግን የእኛ ፈንታ ነው።

አሁን ነጋዴን በይበልጥ ወደሚመለከተው ወደ ጫማው ነገር ልምጣ።

በሰኔ ወር 1953 ዓ.ም. አበበ ኦሳካ ላይ በሚደረገው የማይኒቺ ማራቶን ለመወዳደር ጃፓን በሄደ ጊዜ፣ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት እስከ ማረፊያው ድረስ ሄዶ፣ የእርሱን ጫማ አድርጎ እንዲሮጥ ለመነው። በሮም ያለ ጫማ ላሸነፈ ሰው ጫማ ይዞ መቅረብ ለዓሣ ውሃ እንደ መሸጥ ያለ ሥራ ነው። ሰውየው ግን አላፈረም። የመንገዱን ሸካራነት፣ የጫማውንም ቅለት አስረዳ፤ አበበም ጫማውን አድርጎ ሮጦ አሸነፈ። የዚያ ነጋዴ ኩባንያ በኋላ አሲክስ የሚባለው፣ በዓለም ሁሉ የታወቀው ድርጅት ሆነ፤ ይኸንም ታሪክ እስከ ዛሬ ይተርከዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በቶኪዮ አበበ ያደረገው ደግሞ ፑማ የተባለውን የጀርመን ፋብሪካ ጫማ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ነውር የለውም። ነጋዴ ናቸውና ዕድል ባዩ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ።

ሦስተኛው ነገር ግን ያሳዝናል። በ2002 ዓ.ም. ቪብራም የተባለው የኢጣሊያ የጫማ ሶል ፋብሪካ፣ የእግር ጣቶችን አንድ በአንድ የሚያለብስ ቀላል የሩጫ ጫማ ሠርቶ «ቢኪላ» ብሎ ሰየመውና ለገበያ አወጣ። በባዶ እግር የመሮጥ ፍቅር በአሜሪካ በተስፋፋበት ወራት ነበር። በ2007 ዓ.ም. የአበበ ቤተሰብ ያለ ፈቃዳችን የአባታችን ስም ተሸጠ በማለት በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በታኮማ ከተማ በሚያስችለው ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱም ቤተሰቡ ነገሩን እያወቀ ለዓመታት ከቆየ በኋላ ዘግይቶ ከሰሰ በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው። በንግድ ሥራ የኖርን ሰዎች የዚህን ትርጉም እናውቃለን። በጊዜው ያልተጠየቀ ዕዳ፣ በጊዜው ያልታደሰ ፈቃድ፣ በጊዜው ያልተመዘገበ ምልክት መጨረሻው ይኸው ነው።

ይኸን ስል ቤተሰቡን ለመውቀስ አይደለም። አገር የሚያውቀው ስም በአንድ ቤተሰብ ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቁ ነው የሚያሳዝነው። ላኪዎች ወንድሞቼ እንደሚያስታውሱት፣ የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ባመለከተ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር ስምምነት እስኪደረስ ድረስ ነገሩን የያዙት ሰዎች አልተኙም። ለቡናችን ስም ያን ያህል ከተሟገትን፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ስማችንን ለዓለም ላሳወቀው ሰው ስም አለመሟገታችን ምን ይባላል? በአገራችንም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሕግ የለም ማለት አንችልም።

ከአዲስ አበባ ስመለስ የያዝሁት መንገድ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ ሮቤ የሚገባውን ነው። ይኸ መንገድ ስንዴና ገብስ የሚመላለስበት ብቻ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያደገው በአሰላ አካባቢ ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸንፋ ለጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶኑን ከአፍሪካ ሴቶች በመጀመሪያ ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወርቅ ያጠለቁት ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ በቀለ፣ አራቱም የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። የጭነት መኪና ነጂዎች ቡና ለመጠጣት የሚቆሙባት ይህች ከተማ በወርቅ ብዛት ስንት አገሮችን እንደምትበልጥ ማሰብ ያስደንቃል።

በዚህ መንገድ ላይ መታሰቢያ ፈልጎ የሚያጣ የለም። በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ ወጣቶች በየቀኑ ስለሚሠለጥኑበት ስሙ ሕያው ነው። በበቆጂም ማለዳ በመንገዱ ዳር የሚሮጡት ልጆች ራሳቸው መታሰቢያ ናቸው። ኃይሌ ደግሞ ያገኘውን ገንዘብ በሆቴል ሥራ ላይ አውሎ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች ሆቴሎች ከፈተ፤ ስሙም በደጃፉ ተጻፈ። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ የለም ብዬ ለመጻፍ ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን ብዕሬን የያዘኝ ነገር አለ። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት በሻሸመኔና በባቱ የነበሩት ሆቴሎቹ ወደሙ። የብዙ ሠራተኞች እንጀራም አብሮ ወደመ። የአንድ ሰው ንብረት የሆነ መታሰቢያ፣ ባለቤቱ ምንም ያህል ቢደክምበት፣ በአንድ ቀን እሳት የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ ዐየን።

ታዲያ የማይጠፋው የትኛው ነው? ለዚህ መልስ የምፈልገው ሩቅ አገር ሄጄ አይደለም። እኛ ባሌዎች ሼክ ሁሴን አሉን።

ቅዱስ ነገርን ከጨዋታ ጋር ማስተካከሌ እንዳይመስልብኝ አንባቢዎቼን አስቀድሜ እለምናለሁ። የምናገረው ስለ መታሰቢያ ጽናት ብቻ ነው። ሼክ ሁሴን ካረፉ ሰባት መቶ ዓመት አልፎአል። መቃብራቸው ያለበት ድሬ ሼክ ሁሴን ከታላላቅ ከተሞች የራቀ፣ ቆላ የሆነ፣ ለመንገደኛ የማይመች ስፍራ ነው። ሆኖም በዓመት ሁለት ታላላቅ የጉብኝት ወራት፣ ከባሌና ከአርሲ፣ ከሐረርጌም ጭምር፣ ጫፉ ባላ የሆነውን በትር የያዘ ምእመን እግሩ እስኪቀጥን እየተጓዘ ይሄዳል። ነጫጮቹን ግንቦች በየጊዜው የሚያድሳቸው፣ ታሪኩንም በመንዙማ የሚያቆየው ይኸው የሚመላለሰው ሕዝብ ነው። ስፍራው በዓለም ቅርስነት ለመመዝገብ በሚጠባበቁት ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ክብሩ ግን ከዝርዝሩ በፊት የነበረ ነው።

በየዓመቱ ወደዚያ የሚጓዙ አንድ የጊኒር ሐጂ ደንበኛ አሉኝ፤ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። «ሐጂ፣ ያለ ጋዜጣና ያለ ሬዲዮ ይኸ ሁሉ ዘመን እንዴት ሳይረሳ ቀረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ሰው የሚመላለስበትን መንገድ ሣር አይውጠውም» አሉኝ። ቀጥለውም እንደ ነጋዴ አስረዱኝ። ተጓዡ ይበላል፤ ስንቅ ይገዛል፤ ያድራል፤ ለልጁም አንዳች ነገር ይዞ ይመለሳል። በመንገዱ ያሉት የገበያ ከተሞች ወራቱን ጠብቀው ዕቃ ያከማቻሉ። ስለዚህ ነጋዴው ራሱ በዓሉ እንዳይረሳ ጠባቂ ይሆናል፤ ቀኑን የሚረሳ ባለሱቅ ኪሳራው የራሱ ነውና።

በስታዲየሙ ዙሪያ ተጸነሰብኝ ያልሁት ሐሳብ በዚህ ጊዜ ተወለደ። ድንጋይ ተክሎ መሄድ አይበቃም። መታሰቢያው ሰው በየዓመቱ በእግሩ የሚመለስበት፣ ብዙ ሰውም ጥቅም የሚያገኝበት መሆን አለበት። በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለዚህ ምስክር ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰው ሮጠ፤ ዛሬ ቁጥሩ ከ40,000 በላይ ሆኖአል። በዚያ ሰሞን የሚሸጠውን ምግብና መጠጥ፣ የሚያዘውን የሆቴል ክፍል፣ የሚሰፋውን ካናቴራ የቆጠረ ሰው የምለውን ይረዳል። ካናቴራውን በየቤቱ ታገኙታላችሁ፤ ዓመቱ ተጽፎበታልና ለብዙ ሰው የዕድሜው መቁጠሪያ ሆኖአል።

ስለዚህ የምለው ይኸ ነው። ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት አለ። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ጎባ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች፤ ሯጩ ዳገት እየወጣ፣ የሰነቴን ተራሮች ፊት ለፊት እያየ ይሮጣል። የሁለቱ ከተሞች ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተን በየዓመቱ በማይለወጥ ቀን የእግር ሩጫ እናቋቁም። ጳጉሜ 5 ለመታሰቢያነቱ የተገባ ቀን ነበር፤ ነገር ግን የበዓል ዋዜማ በመሆኑ ነጋዴ ከሚዛኑ የማይርቅበት ቀን ነው፤ የክረምቱም ዝናብ አላበቃም። ስለዚህ ጥር 13ን እመርጣለሁ። ጥምቀት አልፎ ሰው ገና ያልተበተነበት፣ እህሉ ተወቅቶ ገበሬው ገንዘብ የያዘበት፣ መንገዱም የደረቀበት ወቅት ነው። በዚያውም የ1954ቱ ድል ቀን ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳ የሚመጣበትም ወቅት ይኸው በጋ ነው።

ሐሳቡን ለጥቂት ባልደረቦቼ ባጫወትኋቸው ጊዜ ሁለት ተቃውሞ ሰማሁ። አንደኛው፣ «ሯጮቹ የአርሲ ልጆች ናቸው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ነው። ይኸን የሚለው ሰው የሸዋ ተወላጁን የአበበን ፎቶግራፍ በመደብሩ ሰቅሎ ነው። ደግሞስ ሙሽት የጫነ መኪና ከዶዶላ ሲያልፍ ክፍለ ሀገሩ ተለወጠ ብሎ ይቆማልን? ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። «አንድ ዓመት ተሯሩጠን በሁለተኛው ዓመት እንተወዋለን» ይላል። እውነት ነው፤ ብዙ ነገር እንዲህ ቀርቶብናል። ለዚህ የማቀርበው መድኃኒት ውድድሩን በትንሹ መጀመር ነው። ሽልማቱ ለአሸናፊው አንድ በሬ ቢሆን ይበቃል፤ ባንዲራና ድንኳን በብድር አይገዛ። ሒሳቡ በንግድ ምክር ቤቱ መዝገብ ተይዞ በየዓመቱ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም በሮቤ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ተማሪዎቹ በመሮጥ፣ መምህራኑ ደግሞ የሽማግሎችን ትዝታ በመጻፍ ሊረዱን ይችላሉ።

ስለሚሸጠው ዕቃም አንዳንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ሸማኔ የተሠራ፣ በጠርዙ «ሮቤ–ጎባ» የሚልና ዓመቱ የተጠለፈበት ትንሽ ቡልኮ፣ ስሙ በግልጽ የተጻፈበት የሐረና ማር፣ የጎባ ሴቶች የሰፉት ሌማት፣ እነዚህ ለእንግዳው ጥያቄ መልስ ይሆኑ ነበር። የሼክ ሁሴንን ባላ በትር ግን ለዚህ ነገር አናውለው፤ እርሱ የተጓዡ ነው። የአትሌት ስም በዕቃ ላይ ማተም የሚሻ ነጋዴም ቢኖር አስቀድሞ ከባለስሙ ወይም ከቤተሰቡ በጽሑፍ ፈቃድ ይቀበል፤ ድርሻቸውንም ይክፈል። በውጭ አገር ፋብሪካ የነቀፍነውን ነገር በሮቤ ገበያ እኛው ልንሠራው አይገባም።

አስመጪዎች ወንድሞቼም አይቀየሙኝ። ቆብ አታምጡ አልልም፤ እኔም ሸጬ እበላለሁ። ነገር ግን ባንዲራችንን አሳትመን ስናመጣ ቢያንስ ቀለሙ በሁለት እጥበት የማይለቅ ይሁን።

እስከዚያው ድረስ አንድ ልመና አለኝ። በጎባ፣ በሮቤ፣ በጊኒር፣ በአዳባም ሆነ በዶዶላ፣ ከ1954፣ ከ1960 ወይም ከ1968 ዓ.ም. የዋንጫ ጨዋታዎች የቀረ የመግቢያ ቲኬት፣ የፕሮግራም ወረቀት፣ ማልያ ወይም ፎቶግራፍ ያለው፣ ወይም ከኦሊምፒክ ሯጮቻችን ጋር የተነሣው ሥዕል በቤቱ የተሰቀለ ነጋዴ ቢኖር፣ ይዞልኝ ይምጣ። ዕቃውን በደረሰኝ ተቀብዬ ፎቶግራፍ አንሥቼ እመልሳለሁ። በመደብሬ በሳሙናውና በባትሪው መካከል አንድ መደርደሪያ ባዶ አድርጌአለሁ። ከሩቅ ምሥራቅ የመጡትን ቆቦች በግማሽ ዋጋ ማውረዴንም በዚሁ አጋጣሚ አስታውቃለሁ።